ከታቦር ተራራ መውረድ

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 9፥28–43፤ ማርቆስ 9፥2–29

ከላይ የተጠቀሱትን ሁለት የወንጌል ክፍሎች አስቀድማችሁ ብታነቡ የምንጽፈውን ለመከታተል ይቀልላችኋል። ጊዜ ያጣ ቢኖርም አንነቅፈውም፤ የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ ይህን ታሪክ ያልሰማ አይገኝምና። የከተማችን ስም ራሱ ስብከት ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን እናቶች ሙልሙል ሲጋግሩ፣ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹና ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ የሚታሰበው፣ ጌታችን በተራራው ላይ መልኩ የተለወጠበትና ልብሱ እጅግ ነጭ ሆኖ ያበራበት ቀን ነው።

ወንጌላውያኑ የተራራውን ስም አልጻፉልንም። ታቦር መባሉ ከጥንት አባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ሄርሞን ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። በዚህ ላይ ክርክር መግጠም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እኛን የያዘን ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም የተራራው ታሪክ በተራራው ላይ አለማለቁ ነው።

ጴጥሮስ ያንን ክብር ባየ ጊዜ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ፤ አንዱን ለጌታ፣ አንዱን ለሙሴ፣ አንዱን ለኤልያስ። አሳቡ ክፉ አልነበረም። ደስ ካለው ስፍራ ተነሥቶ መሄድ የሚወድ ማን ነው? ሉቃስ ግን ጴጥሮስ የሚለውን ሳያውቅ እንደ ተናገረ ጽፎ ያልፋል። እኛ ጴጥሮስን ለመውቀስ አንቸኩልም። በዚህ በደጋው አገር የወንጌል አማኞች ጥቂቶች ነን። እሑድ ጧት በአንዲት ክፍል ተፋፍጎ መዘመር፣ ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጡ መጫወት፣ በስም ከሚጠራህ ሰው አጠገብ መቀመጥ ትልቅ ጸጋ ነው። ከደጅ ስትወጣ ደግሞ አንዳንዱ ጎረቤት በጎሪጥ የሚያይህ ከሆነ ዳሱ ይበልጥ ይናፍቃል። ብዙ ወጣት ሳምንቱን ሁሉ እሑድን ሲጠብቅ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን በማግስቱ ወረዱ። ከታች የጠበቃቸው ምን ነበር? አንድ አባት፣ የሚጥል በሽታ የያዘው አንድ ልጁ፣ የተሰበሰበ ሕዝብና ዘጠኙ ደቀ መዛሙርት። ዘጠኙ ልጁን ሊያድኑት አልቻሉም። ማርቆስ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ጸሐፍት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ክርክር ይዘው ነበር። በሽተኛው በመካከላቸው ሆኖ ትልልቆቹ ይሟገታሉ! ይህን ባነበብን ቁጥር ስለ ጾም፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ታቦትና ስለ አማላጅነት በየሻይ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ በር የሚደረገው ሙግት ትዝ ይለናል። ሙግቱ ሁሉ ከንቱ ነው አንልም፤ እውነትን መመርመር የሚገባ ነገር ነው። የሚያሳዝነው በተሟጋቾቹ መካከል የማን ልጅ እንደ ወደቀ የሚያይ ሲጠፋ ነው። ጌታችን ክርክሩን አልቀጠለም። አባትየውን፣ ይህ ነገር ልጁን ከያዘው ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነ ጠየቀው። የማን ወገን ነህ፣ የት ነው የምታመልከው አላለውም። እንደ ሐኪም የበሽታውን ዕድሜ ጠየቀ።

እንግዲህ የእኛ ቁልቁለት ወዴት ይወስዳል?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ወጥቶ ከላያችን ይታያል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወርደው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ላይ የፋርጣ ገበሬ ገብስና ድንች ይዘራል፤ ታች የፎገራ ገበሬ ሩዝ ያመርታል። ክረምት ሲበረታ ወንዞቹ ሞልተው ማሳውን ያጥለቀልቁታል፤ በሜዳው የሚተኛው ደለልም ከደጋው ተጠርጎ የወረደ አፈር ነው። ላይ ያለውና ታች ያለው ሕዝብ፣ ኦርቶዶክሱም እስላሙም እኛም፣ ወደድንም ጠላንም ወንዝ ያስተሳሰረን ጎረቤታሞች ነን።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው ትኩሳት እየያዘው፣ ሆዱ እያበጠና ሰውነቱ እየመነመነ መሞት ጀመረ። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ግን አላዳነም። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ያጠኑት ሰዎች ይገምታሉ። በአዲስ ዘመን ከተማ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ሕክምና ከፍቶ ብዙ ሰው ዳነ። ይህን የምናነሣው ለምንድን ነው? ለአጨዳ የሚወርደው ሰው በአብዛኛው በእኛ ዕድሜ ያለ ጎልማሳ ነው። መሬት የሌለው፣ ለሚያገባት ልጅ ልብስ መግዣ የሚፈልግ፣ ወይም ለእናቱ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፍል። አንዳንዱ አብሮን የተማረ ነው። ሲሄድ የሸኘው፣ ሲመለስ ትኩሳቱን አይቶ ጤና ጣቢያ ያደረሰው ማን ነው? ጌታችን የጠየቀው ዓይነት ጥያቄ እንዲህ ያለው ይመስለናል።

መውረድ ብቻውን ግን አይበቃም። ወርዶ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ትምህርት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም፤ ከከተማችን በእግር የሚደረስበት ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ።

አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ፣ በ1848 ዓ.ም.፣ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት ወንጌላውያን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ያሰናዷቸው በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ናቸው፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው በጎንደር የኖሩ ሰው ነበሩ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ቀድመው ገቡ፤ ዋልድማየርና ዛልሙለር ጥቂት ቆይተው ተከተሉ። የመጡት ቄስ ሆነው አይደለም፤ የእጅ ሙያ የያዙ ምእመናን ሆነው ነው። በጭነታቸው ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። መጽሐፉን የተረጎሙት አቡ ሩሚ የተባሉ የአገራችን ሰው ናቸው፤ በካይሮ ተቀምጠው 10 ዓመት ያህል ደክመውበታል፣ በእጃቸው የጻፉትንም የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ ከእርሳቸው ሞት በኋላ አሳተመው። ወንጌልን የውጭ አገር ሰው ያመጣው ነገር አድርገው ለሚነግሩን ይህ መልስ ይሆናል፤ ግን ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ንጉሡ የፈለጉት ሰባኪ ሳይሆን ባለ ሙያ ነበር። በጋፋት አሰፈሯቸው። እነርሱም የብረት መሥሪያ አቆሙ፣ ልጆችን ሙያ አስተማሩ፣ በመንገድ ሥራም ረዱ። አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ በሚናቅበት አገር፣ ወንጌል የያዘ ሰው እጁን በጥቀርሻ አጥቁሮ መታየቱ ራሱ ስብከት ሳይሆን አልቀረም። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን መድፍ ሥሩልኝ የሚል ነበር። አናውቅም አሉ። በንጉሥ ፊት አናውቅም ብሎ መቆየት የሚቻል አልነበረም። ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ተሳካ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ መድፉን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ይጎትቱት ጀመር። ዳገቱ እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ አምስት ወር ያህል ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በዚያው አምባ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። መድፉ ዛሬም እዚያው ተጋድሞ ይገኛል።

በእነዚያ ሰዎች ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኛ አንፈርድም። ንጉሥ ዓይኑን አፍጥጦ ቢያዘን ስንቶቻችን እንቢ እንላለን? ከመካከላቸው የዋልድማየር ኋለኛ ሕይወት ግን ይነገር። ከመቅደላ በኋላ ከአገር ወጥቶ በሊባኖስ ተቀመጠ። በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ጦርነትን ፈጽመው ከሚቃወሙት ከኩዌከር ክርስቲያኖች ጋር ተባበረ፤ በስተርጅናውም በቤይሩት አጠገብ በአስፉሪያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በጋፋት መድፍ ያቀለጠው እጅ ሰንሰለት ወደ መፍታት ዞረ።

ጎረቤት ሁሉ ከእኛ የሚፈልገው ነገር አለው፤ የተጠየቀው ሁሉ ግን አይሰጥም። መድፍ ሥሩልኝ የሚለን ዛሬ የለም። አፋችሁን አውሱኝ የሚል ግን ሞልቷል፤ የእነ እገሌን ዘር ስደቡልኝ፣ የእነ እገሌን ሃይማኖት አዋርዱልኝ የሚል። ይህም ብረት እንደ ማቅለጥ ነው። ከባድ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ ደብረ ታቦር ታውቃለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ በዚያው በቡሄ ሰሞን፣ የተተኮሰ ከባድ መሣሪያ በከተማችን ላይ ወድቆ በመኖሪያ ቤት የነበሩ ሰዎችን ገደለ። የጅራፍ ድምፅ ሊሰማ በሚገባው ሳምንት የተሰማው ሌላ ድምፅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ክልላችን ወደ ሌላ ጦርነት ገባ። እንግዲህ የወንጌል ወጣት ለማንም ወገን የጥላቻ ቃል የሚያቀልጥ ጋፋት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት፤ ያውም የሚጠይቀው ወዳጁ ሲሆን ይበልጥ።

ወርዶ የሚሠራውን ያወቀ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ደግሞ እናንሣ፤ የሥራው ፍሬ በደጃችን ነውና።

በአሜሪካ፣ በጆርጂያ፣ ፕሌንስ የምትባል ከጥቂት መቶ የማይበልጥ ሕዝብ ያላት የገጠር ከተማ አለች፤ ኦቾሎኒ የሚመረትባት አገር ናት። በዚያ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ባፕቲስቶች አምኖ የመጣውን ሰው በውሃ ውስጥ አጥልቀው ያጠምቃሉ፤ ከላይ የሚያዝዛቸው ጳጳስ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ጉባኤ የራሱን ነገር በድምፅ ይወስናል። ይህ ነፃነት መልካምም ክፉም ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በ1965 የፕሌንስ ጉባኤ ጥቁሮች ወደ አምልኮው እንዳይገቡ ወሰነ። ጂሚ ካርተርና ቤተ ሰባቸው ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ ተሸነፉ። እ.ኤ.አ. በ1976፣ ካርተር ለፕሬዝዳንትነት በተወዳደሩበት ዓመት፣ ነገሩ እንደ ገና ፈነዳ። እገዳው ቢነሣም ጉባኤው ሰላም አላገኘም፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጡት ሰዎች ማራናታ የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን የተወለደችው ጎረቤት በበሩ ይግባ ወይስ አይግባ ከሚል ጥያቄ ነው።

ካርተር ሥልጣናቸውን እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጨርሱ ወደ ፕሌንስ ተመልሰው የማራናታ ምእመን ሆኑ፤ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም የሰንበት ትምህርት አስተማሩ። እንጨት ጠራቢ ስለ ነበሩ የመባ መሰብሰቢያውን ሳህን በእጃቸው ሠርተው ሰጡ። ተራ ሲደርሳቸው የግቢውን ሣር ያጭዱ ነበር፤ ባለቤታቸው ሮዛሊንም የቤተ ክርስቲያኑን ሽንት ቤት ያጸዱ ነበር። አገር የገዛ ሰው ሚስት! በእኛ ዘንድ መጥረጊያ ማን ይያዝ በሚለው ላይ ለሚነሣው ጭቅጭቅ ይህን ማስታወስ ይበጃል።

እርሳቸው ያቋቋሙት የካርተር ማእከል እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ከጤና ቢሮና ከሊዮንስ ክለቦች ጋር ሆኖ በአማራ ክልል ትራኮማን ሲዋጋ ኖሯል፤ ሥራው ቀድሞ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ደቡብ ጎንደር ነው። ትራኮማ የምንለው አያቶቻችን ማዝ የሚሉት የዓይን በሽታ ነው። ተሐዋሲው ከሕፃን ወደ ሕፃን በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱ ዓይንን በየብልጭታው ይፍቃል። እናቶች በወረንጦ ሲነቅሉት አይተን የለም? ሕፃናትን የሚያቅፉ እነርሱ ስለ ሆኑ ከወንዶች ይልቅ እነርሱ ይበዛባቸዋል። መጨረሻው መታወር ነው። የሚከላከሉት በአራት ነገር ነው፤ የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቅናት፣ መድኃኒቱን ለመንደሩ ሁሉ በዓመት ማደል፣ የልጆችን ፊት ማጠብና ሽንት ቤት መቆፈር። ሽንት ቤት ከዓይን ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። ፊት ላይ የምታርፈው ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ ግን እምብዛም አትራባም። ካርተር በኢትዮጵያ ዝናዬ የሽንት ቤት ሠሪነት ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በ100 ዓመታቸው ዐረፉ።

በክልሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የዓይን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። መድኃኒቱ ሲታደል ማንም ሰው ማተብህን አሳየኝ፣ ወይም መስጊድ ትሄዳለህ ወይ አልተባለም። ቁመት የሚለካበት እንጨት ነበረ፤ በእርሱ ልክ መድኃኒት ይሰጣል፤ አለቀ። በሽታው ግን እስከ ዛሬ ከአካባቢያችን አልጠፋም።

እዚህ ላይ ከወጣቶቻችን የሚነሡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ካልሰበክንበት ሥራው ምን ይጠቅማል የሚል ነው። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፤ የልጁ አባት ከዚያ ቀን በኋላ ምን ሆነ? ደቀ መዝሙር ሆነ? ወንጌል አይነግረንም። ጌታችን ልጁን አድኖ ለአባቱ መለሰው እንጂ ዋጋ አላስያዘውም። ሃይማኖቱን በስንዴ ለወጠ የሚለው ስድብ በአገራችን የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እርዳታን እንደ መንጠቆ የያዘ ሰው አንድ ጊዜ ቢታይ የቀረነው ሁሉ በዚያ ዓይን እንታያለን። የምናምነውን ለሚጠይቀን ሁሉ ሳናፍር እንናገር። ጉድጓድ የምንቆፍረው ግን ጉድጓድ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። እነርሱ እኛን ሲገፉ እኛ ለምን እንጠጋለን ይላሉ። መገፋት መኖሩን አንክድም። በብዙ የአገራችን ከተማ ለወንጌል አማኝ የመቃብር ቦታ ማግኘት ጭንቅ ሆኖ ኖሯል፤ ወላጁን የሚቀብርበት አጥቶ ሬሳ ይዞ የቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው መናገር አያሻም። ይህ በሕግ ፊት ተነሥቶ መስተካከል ያለበት ነገር ነው፤ የጉባኤ ሽማግሌዎች ማመልከታቸውን አይተዉ። ለቅሶን ግን ማመልከቻ አያመጣውም። እድር ውስጥ ያለ ሰው ሲሞትበት ድንኳን የሚተክልለት፣ እንጨት የሚፈልጥለት፣ ውሃ የሚቀዳለት ጎረቤት አለው። ስለዚህ ወጣቶቻችን በየሰፈራቸው እድር ይግቡ፤ የሚያስገባ ከተገኘ። የማያስገባም ቢሆን ለቅሶ ለመድረስ፣ አግዳሚ ወንበር ለመሸከም ማንም አይከለክልም። በደቦም ጊዜ ማጭድ ይዞ የመጣን ሰው የሚመልስ ገበሬ አላየንም። በዐቢይ ጾም ሰሞን ጎረቤት ደጅ ላይ ሥጋ መጥበስም ነፃነት ሳይሆን ንቀት ነው፤ ጳውሎስ ለሮሜና ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መብል የጻፈውን አንብቡ።

በዚህ መሠረት በሰንበት ትምህርት ቤታችን የተስማማንበት አንድ ሥራ አለ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ቆፋሪ ላጡ አረጋውያን ጎረቤቶች የሽንት ቤት ጉድጓድ እንቆፍራለን። ከጉባኤያችን የሆኑትን ብቻ አይደለም። ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሆነን ቦታ እንመርጣለን፤ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ፣ ጎርፍ የማያልፍበት መሆን አለበት። እኅቶች ለልጆች ፊት ማጠቢያ የሚሆን አሮጌ ጀሪካን እየበሱ ከደጅ ይሰቅላሉ፤ ወንዶችም ጀሪካን መብሳት ይችላሉ፣ እኅቶችም መቆፈር። ዶማ ያለው ዶማ፣ አካፋ ያለው አካፋ ይዞ በ1 ሰዓት ጧት ይድረስ። ምሳ ቆሎና ጠላ ያልሆነ ነገር ሁሉ ነው። የደጋው መሬት ከሁለት ክንድ በታች ድንጋይ ስለሚሆን ዲጂኖና መዶሻ የግድ ያስፈልገናል፤ ከእኛ ዘንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዳችሁ ከጎረቤታችሁ ተዋሱ።